ምስጢር፣ ገመና፣ አደራ፤ የጤና ምርምር ተሳታፊን ግላዊነት የሚመለከቱ የአማርኛ ቃላት ታሪክ

በአዲስ አበባ ከተማ ደቡባዊ ክፍል የሚገኘው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከስሙ ግማሹን ያገኘው ከአንድ የሙያ ቃል ነው። ያለ ሽቦ የሚሠራው የቴሌግራፍ ጣቢያ በአካባቢው በተተከለ ጊዜ፣ ሕዝቡ ኮሚቴ ሳይሰበሰብ፣ መዝገበ ቃላትም ሳይገለጥ ለአዲሱ ነገር «ንፋስ ስልክ» የሚል ስም አወጣለት። «ስልክ» ከዐረብኛ የተወረሰ ሲሆን መሠረታዊ ፍቺው ሽቦ ነው፤ ስለዚህ ስያሜው በጥሬው ሲፈታ «የነፋስ ሽቦ» ማለት ይሆናል። ሽቦ የሌለውን ነገር በሽቦ ስም መጥራት እንግዳ ቢመስልም፣ ቃሉ ዕቃው የሚሠራውን ሥራ ለማንም ሰው የሚያስረዳ በመሆኑ፣ ጣቢያው ከተረሳ በኋላ እንኳ የሰፈር፣ ቀጥሎም ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የክፍለ ከተማ ስም ሆኖ ኖሯል።

ዛሬ በዚሁ ክፍለ ከተማ ጤና ጣቢያዎችና መኖሪያ ቤቶች ሌላ ዓይነት የሙያ ቃላት ይዘዋወራሉ። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ለጤና ጥናት ከሚመረጡት የከተማዋ ክፍሎች አንዱ በመሆኑ፣ የደም ግፊትን፣ የስኳር በሽታን፣ የነፍሰ ጡሮችን ክትትል፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት አወሳሰድን፣ የአእምሮ ጤናን የሚያጠኑ ሰዎች መጠይቅ ይዘው ይመጣሉ። በየመጠይቁ ራስ ላይ ለተሳታፊው የሚነበብ አንድ ገጽ አለ። በዚያ ገጽ ላይ ከማይታጡት ዐረፍተ ነገሮች አንዱ «የሚሰጡን መረጃ ምስጢራዊነቱ የተጠበቀ ነው» የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህች አጭር ዐረፍተ ነገር ከየት እንደ መጣች፣ የተሸከመቻቸው ቃላት ምን ታሪክ እንዳላቸውና የሚሰማት ሰው ምን ሊረዳባት እንደሚችል ነው። ነገሩ የቃላት ነገር ብቻ አይደለም። ሰውየው ደሙን የሚሰጠው፣ ሴትዮዋም ለባሏ ያልነገረችውን ለማታውቀው ጠያቂ የምትናገረው በዚህች ዐረፍተ ነገር ተማምነው ነው።

በቅድሚያ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። እንግሊዝኛው በዚህ ረገድ ሁለት ቃላት አሉት፤ «ፕራይቬሲ» እና «ኮንፊደንሺያሊቲ»። የመጀመሪያው የሰውየውን መብት ይመለከታል፤ ማን ወደ ሕይወቴ ይግባ፣ ማን አይግባ ብሎ የመወሰን መብት ነው። ሁለተኛው ግን የተቀባዩን ግዴታ ይመለከታል፤ አንዴ ከተነገረ፣ ከተጻፈ፣ ከተቀዳ በኋላ ያ ነገር እንዴት ይያዛል የሚለው ነው። የሁለተኛው ቃል የላቲን ሥር «ማመን፣ መታመን» የሚል ፍቺ ያለው ሲሆን፣ ስለ መደበቅ የሚናገር አንዳች ነገር የለበትም። አማርኛው ሁለቱንም ባንድነት «ምስጢር» በሚለው ቃል ሲያጠቃልል የኖረ ስለሆነ፣ በመጀመሪያ የዚህን ቃል ታሪክ መመልከት ያስፈልጋል።

«ምሥጢር» ወደ ግዕዝ የገባው ከግሪክኛው «ሚስቴሪዮን» ሲሆን፣ ከግዕዝ ወደ አማርኛ ወርዷል። በሕዝብ አነጋገር «ሚስጥር» ተብሎ ፊደሉ ቦታ መለዋወጡ የቃሉን መለመድ ያሳያል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት «አምስቱ አዕማደ ምሥጢር»፣ «ሰባቱ ምሥጢራት» ሲባል፣ ቃሉ የሚያመለክተው ለሰው ልጅ ከተገለጠው ይልቅ ያልተገለጠው የሚበዛበትን ጥልቅ ነገር ነው። በቅኔ ቤትም «ምሥጢር» ማለት ከቃሉ ሽፋን ሥር ያለው ፍሬ ነገር ነው፤ ተማሪው ሊደርስበት የሚገባው እንጂ ሊርቀው የሚገባው አይደለም። እንግዲህ ቃሉ በጥንቱ አገባብ የሚናገረው ስለ ነገሩ ጥልቀት እንጂ ስለ ሰው መብት አልነበረም።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። በአገራችን የባህል ሕክምና «የመድኃኒት ምስጢር» ሲባል የሚታሰበው የበሽተኛው ሳይሆን የመድኃኒት ዐዋቂው ምስጢር ነው። ዐዋቂው የዕፁን ስም፣ የሚቆረጥበትን ቀን፣ የሚቀመምበትን መጠን ከሰው ይሸሽጋል፤ ሲያረጅም ከልጆቹ መርጦ ለአንዱ ብቻ ያወርሳል። በሽተኛው በአንጻሩ ብዙ ጊዜ ዘመድ ወዳጁ ከብቦት፣ ደጅ ተቀምጦ ሕመሙን ይናገር ነበር። ምስጢር ጠባቂው ያው ሐኪሙ ሆኖ ሳለ፣ የሚጠብቀው ግን የራሱን ነው። የግሪኩ የሂፖክራተስ መሐላ በበኩሉ ሁለቱንም ይዞ ይገኛል፤ ትምህርቱን ላልማለ ሰው አለማስተማርንም፣ በበሽተኛ ቤት የታየውንና የተሰማውን አለማውጣትንም። ከሁለቱ የኋለኛው ወደ እኛ የገባው ከዘመናዊው ሕክምና ጋር ነው። ለእርሱ የቀረበ ልማድ በአገር ውስጥ ከተፈለገ ከሐኪሙ ዘንድ ሳይሆን ከንስሐ አባት ዘንድ ይገኛል።

በሕግ ቋንቋ ቃሉ አሁን ያለውን ቦታ የያዘው በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የሁለቱም ረቂቅ በፈረንሳይኛ የተዘጋጀ ነበር፤ የፊተኛው በዣን ግራቨን፣ የኋለኛው በሬኔ ዳቪድ። ፍትሐ ብሔሩ በአንቀጽ 24 በሙያ ምክንያት የታወቀን ነገር እንዲገልጥ ማንም እንዳይገደድ ሲደነግግ፣ በአንቀጽ 20 ደግሞ ሰው ለሕክምና ምርመራ እምቢ የማለት መብት እንዳለው ይናገራል። የሙያ ምስጢርን ማውጣት በወንጀል የሚያስጠይቅ መሆኑ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 399 ጸንቷል። ተርጓሚዎቹ ለፈረንሳይኛው ቃል «ምስጢር» የሚለውን መምረጣቸው የሚነቀፍ አይደለም፤ ፈረንሳይኛው ራሱ ለሙያ ግዴታው የሚጠቀምበት ቃል «ሰክሬ» ነውና፣ አማርኛው ምንጩን በታማኝነት ተከትሏል። ችግሩ የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ምንጩ ፈረንሳይኛ መሆኑ ቀርቶ እንግሊዝኛ በሆነ ጊዜ ነው። «ሰክሬ» ተብሎ የተተረጐመው ቃል አሁን «ኮንፊደንሺያሊቲ»ን እንዲሸከም ተደረገ።

በሁለቱ ዘመናት መካከል ደግሞ አብዮቱ አለ። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት «ኅቡእ»፣ «ስውር»፣ «ምስጢራዊ» የሚሉት ቅጽሎች ሁሉ የፖለቲካ ጥላ አጠላባቸው። «ምስጢራዊ ስብሰባ»፣ «ኅቡእ ድርጅት» የሚሉት ሐረጎች ሰው የሚያስሩና የሚያስገድሉ ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. የተቋቋመው ቀበሌ የነዋሪውን ስም ዝርዝር የሚይዝ፣ ዳቦና ዘይት የሚያድል፣ ጥበቃም የሚያሰማራ በመሆኑ፣ ቤት ለቤት የሚደረግ ማናቸውም ጥናት በቀበሌ በኩል ማለፍ ነበረበት። አጥኚው የቀበሌ መሪ አስከትሎ በር ሲያንኳኳና «ይህ ነገር ምስጢር ነው» ሲል ሰሚው የተረዳው ምን እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። «ምስጢራዊ» ማለት ጥናቱ ራሱ የማይታወቅ ዓላማ አለው ማለት ሊሆንም ይችላል። አማርኛ «ምስጢር የሆነ ነገር»ንና «በምስጢር የተያዘ ነገር»ን በአንድ ቅጽል የሚጠራ በመሆኑ ይህ አሻሚነት አሁንም ከቃሉ አልተለየም።

የቤተሰቡ ቃል ሌላ ነው። «ገመና» የሚለው ቃል መዝገብ ቤት አልገባም፤ ሕግ አውጪም አልነካውም፤ ነገር ግን ሰው ስለ ሕመሙ፣ ስለ ድህነቱ፣ ስለ ትዳሩ ሲናገር በመጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው እርሱ ነው። ገመና የሚሸፈን ነገር ነው፤ «ገመናዬን ሸፈነልኝ» ይባላል። የሚያወጣው ሰው የሚያደርሰው ጕዳት ነገሩን በማሳወቁ ብቻ ሳይሆን ባለቤቱን በማዋረዱ ጭምር ነው። ከ«ምስጢር» የሚለየው አንድ ዐቢይ ጠባይ ደግሞ አለው፤ ገመና ብዙውን ጊዜ የቤት እንጂ የአንድ ሰው አይደለም። ይህ ጠባይ ለዘመናዊው የምርምር ሥነ ምግባር ራስ ምታት ነው፤ ምክንያቱም ያ ሥነ ምግባር ፈቃድ የሚጠይቀው ከግለሰቡ ነው። እ.አ.አ. በ2009 ስለ ዝሆኔ በሽታ የዘር ውርስ ጥናት በወላይታ የተደረገ ምርመራ ይህንኑ አሳይቷል። በሽታው በዘር የሚወርድ መሆኑ በጥናት ከተነገረ መገለሉ በበሽተኛው ላይ ብቻ ሳይቆም ቤተሰቡን ሁሉ ያካልላል የሚል ስጋት በሕዝቡ ዘንድ ተገኝቷል። የአንዱ ስም ቢሸሸግ የወገኑ አልተሸሸገም ማለት ነው። («ዘር» የሚለው ቃል በአማርኛ እህልንም፣ ትውልድንም፣ ብሔርንም ማመልከቱ ለተርጓሚው ምን ያህል ወጥመድ እንደሚሆን የዚህ መጽሔት አንባቢ አያጣውም።)

የገመና ስፍራው ጓዳ ነው። አሁን ግን በጀሞና በሌሎቹ የክፍለ ከተማው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች «ስቱዲዮ» በሚባለው ቤት ሳሎኑም፣ መኝታውም፣ ጓዳውም አንድ ክፍል ነው። የጥናት መመሪያ ጠያቂውን «ለብቻ በሚያነጋግሩበት ስፍራ» ጠይቅ ይለዋል፤ ያ ስፍራ ከየት ይምጣ? ጤና ጣቢያም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አይደለም። ካርድ ክፍሉ ስም ከነአባት ስም ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራል፤ በርካታ ሰው በተቀመጠበት መተላለፊያ ላይ የክትትል ክፍሉ በር የሚከፈተው ለማን እንደ ሆነ ሁሉም ያያል። ሰውን የሚያሳብቀው ስሙ ብቻ አይደለም፤ የገባበትም በር ነው። አማርኛ ይህን ከጥንት ያውቀዋል። «አማኑኤል ገባ» ማለት በአዲስ አበባ ሰው ዘንድ ስለ ሆስፒታሉ ሳይሆን ስለ ሰውየው አእምሮ የተነገረ ቃል ነው። እ.አ.አ. በ1965 አለርት የተቋቋመበት፣ በ1970ም አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የተጨመረበት የዘነበወርቅ ሰፈርም ለብዙ ዘመን ስሙ ከሥጋ ደዌ ተለይቶ አይሰማም ነበር። የበሽታው ስም ራሱ መለወጡ መዘንጋት የለበትም፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም «ለምጽ» የተባለው በዛሬው አማርኛ ሌላ የቆዳ ሕመም መጠሪያ ሆኗል፤ አካል ቆራጭነቱን የሚያሰማው አሮጌ ስም እንደ ስድብ ስለ ተቆጠረ «ሥጋ ደዌ» የሚለው ከብሮ ተተካ። እንዲህ ያለው የስም ለውጥ በከፊል የግላዊነት ጥበቃ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የቋንቋ ባለሙያን ሊያስተምር የሚችለው ግን የቀብር ጥናቱ ነው። እ.አ.አ. ከ2001 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ተመራማሪዎች በከተማዋ የመቃብር ስፍራዎች ሁሉ የሚፈጸመውን ቀብር በመመዝገብ የኤድስን ሞት ለመለካት ተነሡ። የሞት ምዝገባ ባልነበረበት ከተማ ይህ ብልሃት ነበር። መዝጋቢው ለቀባሪ ዘመድ «በምን ሞተ?» ሲል ይጠይቃል፤ ዘመድ ያለውን ይጽፋል። በዚያን ጊዜ «ኤድስ» ብሎ የሚመልስ ቤተሰብ ጥቂት ነበር። የሚሰጡት ምላሾች «ሳንባ»፣ «ቲቢ»፣ «ብርድ»፣ «አልማዝ ባለጭራ» የመሳሰሉት ነበሩ። አልማዝ ባለጭራ በትክክለኛ ፍቺው በነርቭ መስመር ላይ የሚወጣ የቆዳ ሕመም ስም ነው፤ ብቻውን ሰው የሚገድልም አይደለም። ነገር ግን የመከላከል ኃይሉ በተዳከመ ሰው ላይ ቶሎ የሚታይ ስለ ሆነ፣ ስሙ የሌላውን በሽታ ስም ሸፍኖ የሚያልፍ መጋረጃ ሆነ።

ተመራማሪዎቹ እነዚህን መጋረጃ ቃላት ሰብስበው፣ ከሆስፒታል መዛግብትና ከሟች ቤተሰብ ጋር ከተደረጉ ዝርዝር ቃለ መጠይቆች ጋር አመሳክረው፣ የትኛው ቃል ምን ያህል ወደ ኤድስ እንደሚያመለክት አሰሉ። ሥራው ለሕዝብ ጤና ጠቃሚ እንደ ነበር አያጠራጥርም፤ የማንም ሟች ስም አልወጣም፤ በምርምር ሥነ ምግባር መመዘኛም የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም ከቋንቋ ጥናት አንጻር ሲታይ ጠለቅ ያለ ጥያቄ ያስነሣል። ቤተሰቡ «አልማዝ ባለጭራ» ሲል የዋሸ አይደለም፤ ወይም በቀላሉ የዋሸ አይደለም። የሟቹን ገመና በቃል ልብስ ሸፍኖ ነው የቀበረው። ሰምና ወርቅ በለመደ ማኅበረሰብ ውስጥ እንዲህ ያለው ቃል ሰሚው ወርቁን ቢያውቅ እንኳ በሰሙ እንዲያልፍ የሚጠይቅ የጨዋ ውል ነው። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። ስታቲስቲክሱ ግን ወርቁን አውጥቶ በሠንጠረዥ አስቀመጠው። አንድ ቃል መጋረጃነቱ በታተመ ጥናት ከታወቀ በኋላ ለቀጣዩ ቀባሪ መጋረጃ ሆኖ ያገለግላል ወይ? የሕክምና ሥነ ምግባር የግለሰቡን ስም ይጠብቃል፤ ማኅበረሰቡ ስም የሚሸፍንበትን ቃል የሚጠብቅ ደንብ ግን አላየሁም። በበኩሌ እንዲህ ያለው ጥናት ባይደረግ የምል አይደለሁም፤ የመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ግን «አልማዝ ባለጭራ» የሚለውን ቃል ሲፈታ ይህን ሁለተኛ አገልግሎቱን ሳይጽፍ ቢያልፍ የዘመኑን ታሪክ ያጐድላል።

ኤች አይ ቪ በአጠቃላይ የአማርኛን የግላዊነት ቃላት ከማናቸውም በሽታ ይበልጥ ፈትኗል። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት እ.አ.አ. በ1986 ሲሆን፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ የነፍሰ ጡሮችን ደም በመመርመር ሥርጭቱን የመከታተል ሥራ ተጀመረ። በዚህ ዘዴ ለቂጥኝ ምርመራ ከተቀዳው ደም የተረፈው ስሙ ተነሥቶለት ለኤች አይ ቪ ይመረመራል፤ ውጤቱ የማን እንደ ሆነ መርማሪው አያውቅም፤ እናቲቱም ውጤቱን አትሰማም። ይህን የሚመስለው፣ ግን ከእርሱ የሚለየው፣ በ1997 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የተሠራበት ነው። በዚያ ጥናት የሰውየው ፈቃድ ተጠይቆ የጣት ደም በማጣሪያ ወረቀት ላይ ይወሰዳል፤ በስም ፈንታ ምልክት ይለጠፍበታል፤ ውጤቱ ከመጠይቁ መልስ ጋር ሲገናኝ ከሰውየው ጋር ግን አይገናኝም። መጠይቁ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ስለ ተተረጐመ፣ ይህን ጥቃቅን ልዩነት ላልተማረ ሰው በሦስት ቋንቋ ማስረዳት የተርጓሚዎች ዕዳ ሆነ። «ስምዎ አይጻፍም» ማለት ይቀላል። «ስምዎ ስለማይጻፍ እኛም ብንፈልግ ውጤቱን ልንነግርዎ አንችልም» ማለት ግን ፍጹም ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ትርጉሞች የፊተኛውን ብለው የኋለኛውን ይተዉታል።

በአቃቂና በወንጂ እ.አ.አ. ከ1997 ጀምሮ የኢትዮ ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት የፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ሲከታተል ደግሞ ሌላ ገጽታ ታየ። ለአንድ ጊዜ ጥናት ስምን ማንሣት ይቻላል፤ ሰውን በየጊዜው እየጠሩ ለሚመረምሩ ግን ስሙን የሚያውቅ አንድ ሰው የግድ መኖር አለበት። ከዚህ ላይ መደበቅ ያበቃል፤ መታመን ይጀምራል።

ትርጉም በተሳሳተ መንገድ የሄደባቸውን ሁለት ስፍራዎች በአጭሩ ላንሣ። «መረመረ» ከሚለው ግሥ የሐኪም ምርመራም፣ የፖሊስ ምርመራም፣ የሳይንስ ምርምርም ይወጣሉ። ስለዚህ የጥናቱ ኀላፊ በቅጹ ላይ «ዋና መርማሪ» ተብሎ ሲጻፍ፣ «ቃልዎን ይስጡ» እና «እዚህ ላይ ይፈርሙ» ከሚሉት ጋር ተደምሮ፣ አንባቢው ጤና ጣቢያ ሳይሆን ፖሊስ ጣቢያ የገባ ይመስለዋል። «ተመራማሪ» የሚለው ቃል እያለ «መርማሪ»ን መጠቀም ይቅር የማይባል ስንፍና ነው። ሁለተኛው «ማንነት» ነው። መረጃን ከባለቤቱ የመለየት ሥራ «ማንነትን ማጥፋት» ወይም «ማንነትን ማስወገድ» ተብሎ ሲተረጐም አይቻለሁ። «ማንነት» ባለፉት 30 ዓመታት በፖለቲካችን ውስጥ የያዘውን ክብደት ለሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ቃል በሕክምና ቅጽ ላይ ማየት ያስደነግጣል።

የሚያሳዝነው፣ ለዚህ ሥራ የሚሆን ቃል በእጃችን እያለ መሆኑ ነው። በግዕዝ የጸሎት መጻሕፍት የባለቤቱ ስም በሚገባበት ስፍራ «ዕገሌ» ይባላል፤ አንባቢው በእርሱ ፈንታ የራሱን ወይም የሚጸልይለትን ሰው ስም ያስገባል። «እገሌ» እና «እገሊት» ዛሬም በተራ አነጋገር ሰውየውን እያወቁ ስሙን ለመተው የሚያገለግሉ ቃላት ናቸው። ከዚህም በላይ ስምን መጠበቅ ራሱ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ሰው በክፉ ሥራ እንዳይጠቀምበት በሚል ፍራቻ የክርስትና ስሙን ከሰው ሲሠውር ኖሯል። አንድ ሰው ሁለት ስም ይዞ፣ አንዱን ለአደባባይ፣ ሌላውን ለካህኑ ብቻ መስጠቱ፣ ዛሬ በምርምር «መለያ ኮድ» ከሚባለው ጋር በአሳብ የራቀ አይደለም። ስለዚህ «ስም የለሽ» ከሚለው ደረቅ ትርጉም ይልቅ «ስሙ የተሠወረ»፣ ወይም በቀላል አማርኛ «በእገሌ የተተካ» ማለት ለሰሚው ይቀርባል።

ወደ ዋናዎቹ ሁለት ቃላት እንመለስ። ለመጀመሪያው፣ ማለትም ለመብቱ፣ ነገሩ በሕግ እልባት ያገኘ ይመስላል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 «የግል ሕይወት» እና «ግላዊነት» የሚሉትን ጎን ለጎን አስቀምጧል። «ግላዊነት» አዲስ ቃል ቢሆንም አረባቡ ትክክል ነው፤ «ግለኝነት» ከሚለው ጋር እንዳይደባለቅ ብቻ መጠንቀቅ ያሻል፤ የኋለኛው ራስ ወዳድነት ነውና።

ለሁለተኛው ግን «ምስጢራዊነት» በቂ አይደለም የሚል እምነት አለኝ። በምትኩ «አደራ» ሊመረመር ይገባል። አደራ ከሰጪና ከተቀባይ ውጪ አይታሰብም፤ «የተጠበቀ ነው» ብሎ ባለቤቱን ሳይጠሩ ማለፍ አይቻልም፤ ማን ለማን አደራ እንደ ሰጠ መነገር አለበት። አደራ የተሰጠው ነገር ምስጢር ላይሆንም ይችላል፤ የተሰጠበትን ዓላማ ካልተከተለ ግን ተቀባዩ «አደራ በላ» ይባላል፤ በአማርኛ ከዚህ የሚከብድ ነቀፋ ጥቂት ነው። «ምስጢር አወጣ» ከሚለው ጋር ቢነጻጸር የኋለኛው የአፍ ድካም ያህል ቀላል ነው። በተጨማሪም የተረፈ ደም ለሌላ ጥናት ሲውል ምስጢር አልወጣም፤ አደራ ግን ሊበላ ይችላል። ይህን ልዩነት «ምስጢር» የሚለው ቃል ሊይዘው አይችልም።

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የሕግ ሰዎች «አደራ» በፍትሐ ብሔሩ ውስጥ ዕቃን ለጠባቂ የማስረከብ ውል ስም ሆኖ የተወሰነ ፍቺ እንዳለው ይናገራሉ። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቃሉን ከመጠቀም የሚያግድ ሳይሆን የተቀባይን ግዴታ በሕግ ለመግለጽ እንደሚችል የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ከዚህ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው። «አደራህን» የሚለው ብዙ ጊዜ ደካማው ለብርቱው የሚያቀርበው ልመና ስለ ሆነ፣ በጥናት ቅጽ ላይ ሲገባ ተሳታፊውን ለማኝ ያስመስለዋል የሚል ነው። ለዚህ መልሱ ቃሉን በተመራማሪው አፍ ማስገባት ይመስለኛል፤ «የነገሩኝን በአደራ ተቀብያለሁ፤ ከእኔና ከሥራ ባልደረባዬ በቀር የሚያየው የለም፤ ለዚህ ጥናት ካልሆነ በቀር አይውልም» ቢል አደራ ባዩ ሳይሆን አደራ ተቀባዩ ይታሰራል። ረዘመ የሚል ካለ፣ ርዝመቱ የማን ግዴታ እንደ ሆነ በመናገሩ ነው።

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ ተርጓሚው የሚመራበት የአማርኛ ምንጭ አለመኖሩ ነው። በአገራችን ለምርምር ሥነ ምግባር የወጣው ብሔራዊ መመሪያ፣ እ.አ.አ. በ2014 የታተመው 5ኛ እትሙም ጭምር፣ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ለቅጹ የራሱን አማርኛ ይፈጥራል፤ ወይም ከቀዳሚው ይገለብጣል። «ምስጢራዊነቱ የተጠበቀ ነው» የሚለው በመላ ከተማው የተባዛው በዚህ መንገድ ይመስለኛል። ሕግ አውጪው በበኩሉ በ2016 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 1321 «መረጃ» የሚለውን ትቶ «የግል ዳታ» ብሏል። «መረጃ» ወሬንም፣ ማስረጃንም፣ የስለላ ሥራንም የሚያመለክት በመሆኑ ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም፤ «ዳታ» ግን በሃና ማርያም ወይም በለቡ ለሚኖር አረጋዊ የተንቀሳቃሽ ስልክ ካርድ የሚሞላበት ነገር ነው። በአንጻሩ የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.አ.አ. በ1964 ያወጣውን የሔልሲንኪ መግለጫ በ2024 ሲያሻሽል፣ ለ60 ዓመት ሲሠራበት የቆየውን የ«ተጠኚ» ቃል ሰርዞ «ተሳታፊ» በሚለው ተክቷል። አማርኛ ቅጾች ከዚያ በፊት አስቀድመው «ተሳታፊ» ይሉ ነበር። «ተጠኚ» ለጆሮ ስለማይመች የተመረጠ ቢሆንም እንኳ፣ ለአንድ ጊዜ ትርጉሙ ምንጩን ቀድሞት ተገኝቷል።